ሰውነት ቫይረስ መግባቱን በምን ያውቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሰንዳፋ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ በጤና ጣቢያ ወረፋ፣ በመድኃኒት ቤት መስኮትና በዶሮ ቤት ደጃፍ ላይ የሚነሱ ናቸው። ቅደም ተከተል የላቸውም፤ የሚመለከታችሁን ፈልጋችሁ አንብቡ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ግን ለሌሎቹ መሠረት ስለሆነ ባትዘሉት ይሻላል።

ተፈጥሯዊ መከላከያ የሚባለው ምኑ ነው? ክትባት ከሚሰጠው በምን ይለያል?

በፍጥነቱ ነው የሚለየው። ክትባት የሚያሰለጥናቸው አንቲቦዲ የተባሉት ፕሮቲኖችና ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች አይተውት የማያውቁት ቫይረስ ሲመጣባቸው ተዘጋጅተው እስኪደርሱ ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በበኩሉ አንድ ሴል ውስጥ ገብቶ አዳዲስ ቫይረሶችን ለማስወጣት 8 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በሳምንት ውስጥ 21 ዙር ማለት ነው፤ በየዙሩም ከአንድ ሴል ብዙ ይወጣል። ያን ሳምንት በሕይወት የሚያሻግረን ስንወለድ ይዘነው የመጣነው መከላከያ ነው። ሥራ የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ድክመቱ የተዋጋውን ጠላት ለይቶ አለማስታወሱ ነው።

ዓይን የሌለው ሴል ቫይረስን በምን ያውቀዋል?

ጎረቤት ሌባን በስሙ አያውቀውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአጥር ሲዘል ካየው ግን ለመጮህ ስሙን መጠየቅ አያስፈልገውም። ሴሎቻችንም እንደዚሁ ናቸው። የመጣው ኢንፍሉዌንዛ ይሁን ኩፍኝ ግድ አይሰጣቸውም። የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፦ የማይገባ ቅርጽ ወይም የማይገባ ቦታ።

ቅርጹን እንይ። የጂንን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን ማምረቻው የሚያደርሰው የእኛ መልእክተኛ አርኤንኤ ነጠላ ክር ነው፤ ጫፉም በኬሚካል ቆብ ተሸፍኗል። ብዙ ቫይረሶች ሲባዙ ግን ረጅም ጥንድ ክር ይፈጥራሉ፣ ወይም ቆብ የሌለው፣ ሦስት ፎስፌት የተንጠለጠለበት ጫፍ ያሳያሉ። በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ የሚዘዋወረው ሪግ-አይ የተባለው ፕሮቲን ያንን ባለ ሦስት ፎስፌት ጫፍ ሲያገኝ ይነቃል። ወንድሙ ኤምዲኤ-5 ደግሞ ረጅሙን ጥንድ ክር ይይዛል። ሁለቱም ወሬያቸውን የሚያደርሱት ማይቶኮንድሪያ ላይ ለተተከለው ማቭስ ለሚባል ፕሮቲን ነው። ኃይል ማመንጫ ብለን በትምህርት ቤት የተማርነው ማይቶኮንድሪያ የማንቂያ ደወል መስቀያም ነው።

ወደ ቦታው ስንመጣ፣ ዲኤንኤ ቦታው ኒውክለስ ነው፤ ትንሽ ደግሞ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ አለ። ከእነዚህ ውጭ፣ በሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ከተገኘ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ሲጋስ የተባለው ኢንዛይም ያንን ዲኤንኤ ሲይዝ ትንሽ የመልእክት ሞለኪውል ይሠራል፤ መልእክቱም ስቲንግ የተባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። ይህ መንገድ ተሟልቶ የታወቀው በ2013 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከእነዚያ ዓመታት በፊት የታተመ የባዮሎጂ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ቢያጣው አይፈረድበትም። ልብ በሉ፤ ሲጋስ በዲኤንኤው ላይ የተጻፈውን አያነብም፣ የሚያየው የተገኘበትን ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ የራሳችን ዲኤንኤ ቆሻሻ በወጉ ሳይጠረግ ሲቀር ቫይረስ በሌለበት ደወሉ ይደወላል። ከልጅነት ጀምሮ አንጎልን የሚጎዳው አይካርዲ-ጉቲዬር የተባለው የዘር ሕመም መነሻው የዚህ ዓይነት ስህተት ነው።

ሦስተኛ ጠባቂም አለ። ሴሉ ከውጭ የዋጠው ነገር በሚያርፍባቸው ከረጢቶች ግድግዳ ላይ ቶል-መሰል የሚባሉ ተቀባዮች ተተክለዋል። ሰው በጠቅላላው 10 ዓይነት አለው፤ ሁሉም ግን ከረጢት ላይ አይደሉም። 3ኛው ጥንድ ክር አርኤንኤን፣ 7ኛውና 8ኛው ነጠላ ክርን፣ 9ኛው ዲኤንኤን ያያሉ። «ቶል» የሚለው ስም የመጣው ከዝንብ ጂን ነው፤ ዝንብ ከሻጋታ ራሷን በምን እንደምትከላከል ያሳየው ጁልስ ሆፍማንና በአጥቢ እንስሳት ላይ ያገኘው ብሩስ ቦይትለር የ2011 የኖቤል ሽልማትን ተካፍለዋል።

ይህ ሁሉ ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን በ2005 ያሳዩት፣ በአርኤንኤ ውስጥ ያለውን ዩሪዲን የተባለ ክፍል በሌላ መልኩ ሲቀይሩት እነዚህ ጠባቂዎች እንደማይጮሁበት ነበር። የኮቪድ ኤምአርኤንኤ (መልእክተኛ አርኤንኤ) ክትባቶች የቆሙት በዚያ ላይ ነው። ሁለቱም በ2023 ኖቤል ተሸልመዋል።

ደወሉ ከተደወለ በኋላ ምን ይሆናል?

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከቱሉ ዲምቱ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ እናስብ። ብርድ ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ ከኋላ ወንበር አንዱ ያስላል።

ወደ አፍንጫችን የገባውን ቫይረስ መጀመሪያ የሚቀበለው ንፍጥ ነው። ከንፍጡ ሥር ሲሊያ የሚባሉ ጥቃቅን ፀጉሮች በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ጊዜ እየተወዛወዙ የተያዘውን ሁሉ ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ፤ እንውጠዋለን፣ የጨጓራ አሲድ ይጨርሰዋል። አብዛኛው ቫይረስ እዚህ ይቀራል። የኩበትና የእንጨት ጭስ፣ ሲጋራም፣ እነዚህን ፀጉሮች ስለሚያዳክም ጭስ በማይወጣበት ማዕድ ቤት የሚውል ሰው ከመጀመሪያው አንድ አጥር አጥቷል ማለት ነው።

ያመለጠው ሴል ውስጥ ይገባል፤ መባዛት ይጀምራል፤ ሪግ-አይ ይነቃል። በሰዓታት ውስጥ ሴሉ ኢንተርፌሮን ያመርታል። ኢንተርፌሮን ቫይረሱን አይገድልም። ከሴሉ ወጥቶ የጎረቤት ሴሎችን በር ያንኳኳል። የሰማው ጎረቤት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይከፍታል፦ ፒኬአር ፕሮቲን ማምረቻውን ያስቆማል፤ አርኤንኤዝ-ኤል የተገኘውን አርኤንኤ ይቆራርጣል፤ ኤምኤክስ የኢንፍሉዌንዛን ሥራ ያሰናክላል፤ አይፊትም-3 ቫይረሱ ገና ከከረጢቱ ሳይወጣ በሩን ይዘጋበታል። የመጀመሪያው ሴል ብዙ ጊዜ ይሞታል። ሰፈሩ ግን ተዘጋጅቷል።

ገዳይ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ይመጣሉ። አንዳንድ ቫይረሶች ከቲ ሴል ለመደበቅ ሴሉ በላዩ የሚያሳየውን የማንነት ምልክት ያወርዱታል። ገዳይ ሴል የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ መታወቂያ የሌለውን ሴል ቀዳዳ ከፍቶ ይገድለዋል።

ተሳፋሪው ግን እስካሁን ምንም አልተሰማውም። የኢንፍሉዌንዛ ምልክት የሚታየው ከ1 እስከ 4 ቀን፣ በአማካይ በ2ኛው ቀን ነው። ከምልክቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ግን ለሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። መስኮት መክፈት ከሚያስለው ሰው ላይ ዓይን ከማፍጠጥ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

ቫይረሱስ ዝም ብሎ ያያል?

አያይም። ኢንፍሉዌንዛ ኤንኤስ-1 በተባለ ፕሮቲን የሪግ-አይን መንገድ ያፍናል። የኢቦላው ቪፒ-35 ጥንድ ክሩን ሸፍኖ ይደብቃል። ኮሮና ቫይረሶች የራሳቸውን አርኤንኤ የእኛን የሚመስል ቆብ ያጠልቁለታል። ኤችአይቪ ዲኤንኤውን በፕሮቲን ቅርፊት ውስጥ ይዞ ስለሚጓዝ ሲጋስ ብዙም አያየውም። የውሻ እብደት ቫይረስም ኢንተርፌሮንን እያፈነ በነርቭ ውስጥ ጸጥ ብሎ ይጓዛል፤ ለሳምንታት ትኩሳት እንኳ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የሰፈር ውሻ ከነከሳችሁ «ምንም አልተሰማኝም» ብላችሁ አትጠብቁ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና የዚያኑ ቀን ለክትባት ሂዱ።

ትኩሳቱንና ቁርጥማቱን የሚያመጣው ቫይረሱ ነው ወይስ ሰውነቴ?

በአብዛኛው ሰውነታችሁ ነው። ማስረጃው ቀላል ነው። ኢንተርፌሮን ለጉበት ቫይረስ መድኃኒት ሆኖ ለዓመታት በመርፌ ሲሰጥ ነበር፤ ታካሚዎቹ ጉንፋን ሳይዛቸው ብርድ ብርድ ይላቸው፣ ይቆረጥማቸው፣ ይደክማቸው ነበር።

ከበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚወጡት ኢንተርሊውኪን-1፣ ኢንተርሊውኪን-6 እና ቲኤንኤፍ አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን ኢ-2 የተባለ ኬሚካል እንዲመረት ያደርጋሉ፤ እሱም የሰውነትን የሙቀት መለኪያ ከ37 ወደ 39 ከፍ ያደርገዋል። ሰውነት 37 ላይ ቆሞ ግቡ 39 ሲሆንበት «በረደኝ» ይላል። ትኩሳት ያለበት ሰው ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ትኩሳቱን ላውርደው ወይስ ልተወው?

ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ። 38.5 ሆኖ የሚጠጣና የሚጫወት ልጅ መድኃኒት የግድ አይደለም። የሚያስቸግረው ከሆነ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት እያራራቃችሁ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ስጡ። ለ10 ኪሎ ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። ሽሮፑ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» የሚል ከሆነ 5 ሚሊሊትር ይበቃል። የሚሳሳተው አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው፦ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነብ በሻይ ማንኪያ በግምት ይሰጣል። ማንኪያ ሁሉ እኩል አይደለም፤ በመርፌ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ለኩ።

አዋቂ ከ500 ሚሊግራም እስከ 1 ግራም ይወስዳል፤ በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ፍሬ አይለፍ። የጉንፋን ተብለው የሚሸጡ ቅልቅል ክኒኖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል። ለልጅ አስፕሪን አትስጡ።

ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ የምትሄዱት ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ሲሞላ፣ ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሲስት፣ ወይም ትንፋሹ ሲፋጠን ነው። ትንፋሽ ሲተኛ ወይም ሲረጋጋ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል፦ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። አዋቂ ከሆነ የትንፋሽ ማጠር፣ መዘባረቅ ወይም ከ3 ቀን ያለፈ ትኩሳት ይበቃል። በቅርቡ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ደግሞ «ጉንፋን ነው» ከማለቱ በፊት የወባ ምርመራ ያድርግ።

አሞክሳሲሊን ወይም የዴክሳ መርፌ ቶሎ አያድነኝም?

አሞክሳሲሊን የሚመታው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፤ ቫይረስ ያ ግድግዳ የለውም። ጉንፋኑ በአምስተኛው ቀን የተሻላችሁ ከአሞክሳው ሳይሆን ሳምንቱ ስለደረሰ ነው።

ዴክሳሜታዞን ሌላ ነገር ነው፤ ይሠራል፣ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ከላይ የተዘረዘረውን የማንቂያ ሥርዓት ስለሚያደበዝዝ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ሰውየው «ተነሣሁ» ይላል፣ ቫይረሱ ግን ጠባቂ አጥቷል። በ2020 በእንግሊዝ በተደረገው ትልቅ የኮቪድ ሙከራ ዴክሳሜታዞን በቀን 6 ሚሊግራም ሲሰጥ ኦክስጅን ላይ የነበሩትን ሕሙማን ሞት ቀንሷል፤ ኦክስጅን ላልፈለጉት ግን አልጠቀመም፣ እንዲያውም ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠቁም ነበር። ያው መድኃኒት ነው፤ የሚለየው ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ደወሉ ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ፣ ደወሉ አልቆም ብሎ ሳንባውን ራሱን ሲያቃጥል ነው ማፈን የሚጠቅመው።

ምች የሚባለው ነገር እውነት አለው?

በምች ስም የሚጠራው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ትኩሳት ተነሥቶ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች የሚወጡበት ዓይነት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕለክስ ነው። ቫይረሱ በልጅነት ገብቶ ነርቭ ውስጥ ይተኛል፤ ትኩሳት፣ ድካም፣ ጠንካራ ፀሐይም ያስነሡታል። «ፀሐይ መታኝ» ያሉት እናቶች ስለ ፀሐዩ አልተሳሳቱም፤ ፀሐዩ ግን ቀስቃሽ እንጂ መነሻ አይደለም። ጥቂት ልጆች በውርስ ባገኙት ጉድለት ምክንያት የቶል-መሰል 3 መንገዳቸው አይሠራም፤ ይኸው ቫይረስ በእነሱ ላይ አንጎል ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ስለዚህ ከትኩሳት ጋር የባሕርይ መለወጥ ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ በዳማከሴ አትመልሱት፤ ወደ ሆስፒታል ነው።

ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቫይታሚን ሲ መከላከያ ይጨምራሉ?

ትኩስ ነገር መጠጣት ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ፈሳሽም ይተካል፤ እስከዚያ ድረስ ጥሩ ነው። ልጅን በፈላ ውሃ ላይ አጎንብሶ ማጠን ግን ቃጠሎ እያመጣ ነው፤ ተዉት። ቫይታሚን ሲ በየቀኑ የሚወስድ አዋቂ የጉንፋኑ ጊዜ በ8 በመቶ ገደማ ያጥርለታል፤ ከታመሙ በኋላ መጀመር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። ደግሞም «መጨመር» ራሱ ምን ማለት ነው? ከላይ እንዳየነው ያለ ልክ የጮኸ ደወል ራሱ በሽታ ነው።

ቫይታሚን ኤ ግን ይለያል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ በሁለት ተከታታይ ቀናት ይሰጠዋል፦ ከ6 ወር በታች 50,000፣ ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከዚያ በላይ 200,000 ዩኒት። ይህ የጤና ጣቢያ ሥራ ነው።

ብርድ ጉንፋን ያመጣል?

ያለ ቫይረስ አያመጣም። ግን የሱሉልታ ሰው ወቀሳው ከባዶ አልተነሣም። ራይኖቫይረስ ከ37 ዲግሪ ይልቅ አፍንጫ ውስጥ በሚገኘው ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ላይ በደንብ ይባዛል፤ በአይጥ ሴሎች የተሠራ ሙከራም ቅዝቃዜው የኢንተርፌሮኑን ምላሽ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። በዚያ ላይ ሲበርድ በርና መስኮት ይዘጋል።

ቤተሰቡ ሁሉ ተይዞ አንዱ ብቻ ለምን ይጸናበታል?

ዕድሜ፣ ስኳር፣ የገባው ቫይረስ መጠን ድርሻ አላቸው። በ2020 የወጣ አንድ ግኝት ግን ብዙ ነገር አብራርቷል። በኮቪድ የሳንባ ምች ከጸናባቸው 987 ሕሙማን 101ዱ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያከሽፍ አንቲቦዲ በደማቸው ነበር፤ አብዛኞቹም ወንዶች ነበሩ። ጯሂው ጮኋል፤ ድምፁ ግን ጎረቤት አልደረሰም።

የደም ምርመራዬ ሊምፎሳይት ዝቅ ብሏል ይላል። ልስጋ?

በቫይረስ ሕመም መጀመሪያ ቀናት የተለመደ ነው። ኢንተርፌሮን ሊምፎሳይት የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ከደም አውጥቶ ወደ እጢዎች ይሰበስባቸዋል። ካገገማችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አስደግሙት፤ ያኔም ዝቅ ካለ ሐኪም ይየው።

ዶሮዎቼን ፈንግል ለምን እንዲህ ያረግፋቸዋል? ክትባት ሰጥቼም አለቁ።

ዶሮ ሪግ-አይ የላትም። ዳክዬ አላት፤ ብዙ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶችን ተሸክማ የምትንሸራሸረው በከፊል ለዚህ ነው። ዶሮ በአብዛኛው በኤምዲኤ-5 ትታገላለች፤ የፈንግል ቫይረስ ደግሞ ቪ በተባለ ፕሮቲኑ የኢንተርፌሮኗን መልእክት ይቆርጣል። የሚገርመው ኢንተርፌሮን ራሱ የተገኘው በዶሮ እንቁላል ነው፦ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን በ1957 ለንደን ውስጥ በሙቀት የሞተ ኢንፍሉዌንዛ የነካው የእንቁላል ሽፋን ሕያው ቫይረስን እንደሚከለክል አዩ።

ክትባቱ የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በውሃው ነው። ቢሾፍቱ ካለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ የሚመጣው የፈንግል ክትባት ሕያው ቫይረስ ነው፤ ዶሮዋ ሴል ውስጥ ካልገባ ደወሉን አይደውልም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል። ክሎሪን የሌለው ውሃ ከጠፋ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጣችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ክትባቱን ከዚያ በኋላ ጨምሩ። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን። ጠርሙሱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆይ፤ ፀሐይ ዳሽቦርድ ላይ ተቀምጦ የመጣ ክትባት ውሃ ነው። ዶሮዎቹን ሁለት ሰዓት ያህል አስጠምታችሁ አቅርቡላቸው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ። መጠጫው ካነሰ ደካማዎቹ ተገፍተው ሳይጠጡ ይቀራሉ፤ በቂ መጠጫ አስቀምጡ። በጥቂቱ ከሆነ ለዓይን ጠብታ የተዘጋጀውን ዓይን ላይ ማድረግ ይሻላል፦ ጠብታው እስኪሰርግ ጫጩቷን አትልቀቁ። ለጥቂት ቀናት ማነጠስ ቢኖር ክትባቱ መያዙን ነው የሚያሳየው። የታመመ መንጋ ግን አትከትቡ።

ሁለት ሕያው ክትባት በአንድ ቀን መውሰድ ይቻላል?

ለሰው ይቻላል፤ ለምሳሌ የኩፍኝና የቢጫ ወባ። በመርፌ የሚሰጡት በአንድ ቀን ካልተሰጡ ግን ቢያንስ 28 ቀን ይራራቁ። ምክንያቱም የመጀመሪያው ያስነሣው ኢንተርፌሮን ሁለተኛውን የክትባት ቫይረስ ሳይባዛ ሊያስቀረው ይችላል። ከ28 ቀን በፊት የተወሰደው ሁለተኛ ክትባት እንደተሰጠ አይቆጠርም፤ ይደገማል።